ፊት የሚለየው ሣጥን

ቁልፍ ቀራጩ አዲስ ቁልፍ ከማሽኑ ላይ ሲያነሳ፣ ገና ትኩስ እንደሆነ በአሮጌው ላይ ያነባብረዋል። ሁለቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳቸውና አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። የአንዱ ጥርስ ከሌላው በፀጉር ውፍረት ወጣ ካለ መልሶ ሞርሳው ላይ ያስረዋል። ጥርስ ከጥርስ ከገጠመ ግን «አንድ ናቸው» ይላል፤ ለደንበኛው ሳይሆን ለራሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ዓይኑ ሠርቶ ነው ቤት ያቆመው፣ ልጅም ያሳደገው። ስህተቱም የመጣው ከዚያው ዓይን ነው።

ሱቁ መንገድ ዳር፣ መኖሪያው ከሱቁ በላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ክፍል፣ ጠባብ ወጥ ቤትና ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት አለ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። አብራው የምትኖረው አንዲት ልጁ ናት፤ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ መነጽር ቤት ትሠራለች። ደንበኛ መምረጥ ሲያቅተው ፍሬሙን እሷ ታደርገውና በስልኳ ራሷን አንስታ ታሳየዋለች። ስለዚህ ስልኳ በገዛ ፊቷ የተሞላ ነው፤ ክብ መነጽር ያደረገ ፊት፣ ወፍራም ጠርዝ ያለው መነጽር ያደረገ ፊት፣ ጠርዝ አልባ ያደረገ ፊት። የራሷ ዓይን ደህና ነው። በቤቱ ውስጥ መነጽር የነበራት እናቷ ነበረች።

በዚያ ሰሞን የአንድ ቀን መንገድ ከሚርቅ ከተማ፣ የመነጽር መስታወት ከሚሞርድ ወርክሾፕ፣ ልጅቷን ለሥራ ጠርተዋት ነበር። ምሳ ላይ ለአባቷ ነገረችው። መልስ የምትሰጠው በሦስተኛው ቅዳሜ እንደሆነም ነገረችው። እሱ ዳቦውን ቆረሰና፣

«ውኃ አቀብዪኝ፣ እሜቴ» አላት።

አቀበለችው። እሜቴ ሚስቱን የሚጠራበት ስም ነበር። ካለፈች ወዲህ ምላሱን እያዳለጠው ልጁን በዚያ ስም ይጠራል፤ ልጁም አቤት ትላለች። ስለ ሥራው ግን ከዚያ ምሳ በኋላ ትንፍሽ አላለም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ከውስጡ የጫማ ሣጥን የሚያህል ጥቁር ነገር አወጣች፤ ከፊት ለፊቱ ሁለት ትንንሽ መሳቢያ አለው።

«ደግሞ ይሄ ምንድነው?»

«ማከማቻ ነው፣ አባባ። የሁላችንም ፎቶ እዚህ ይገባል። ያንተ ስልክ፣ የኔ፣ የእማዬም። እኔ ሌላ ቦታ ብሆን እንኳ፣ ዋይፋይ ባገኘሁ ቁጥር ያነሳሁት ሁሉ ራሱ ወደዚህ ይመጣል።»

«ሌላ ቦታ» ያለችውን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር ያለችው። አባቷ ሰምቷል። ያልሰማ መሰለ።

ገመድ ለመዘርጋት ጎረቤታቸው መጣ፤ ከስልክ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ ሽቦ ይለዋል፤ ከሥራው ይሁን ከቅጥነቱ የሚያውቅ የለም።

«አንተ የቁልፍ ንጉሥ» አለ፣ በእንብርክኩ ከራውተሩ ኋላ ገብቶ ኬብሉን እየሰካ። «በስተርጅና ቤትህ ውስጥ የማትከፍተው ነገር ገባብህ።»

«አፍህን ዘግተህ ሰካ።»

«ጋሼ፣ እሱን ተወው፣ ያቺኛዋ ቀዳዳ ናት» አለች ልጅቷ።

«አየህ፣ ሠላሳ ዓመት የሰካሁትን ሰውዬ ቀዳዳ ታሳየኛለች! የማን ልጅ ናት?»

ልጅቷ ሁለት ሃርድ ዲስክ በሁለቱ መሳቢያ አስገባች። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው የያዘውን ይዞ ይተርፋል ስትለው፣ ቁልፍ ቀራጩ ሣጥኑን ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አየው።

«እንግዲያ አንዱን አውጥተን ሽቦ ቤት እናስቀምጠው። ትርፍ ቁልፍ እዚያው በሩ ላይ አይንጠለጠልም።»

«አብረው ነው የሚሠሩት፣ አባባ። ካወጣኸው ይጮኻል።»

«ይጮኻል?»

«እንደ ሕፃን» አለ ሽቦ፣ አቧራውን ከጉልበቱ እያራገፈ።

ሲያበሩት አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ። ቀጥሎ ማራገቢያው ቀስ ብሎ ተነፈሰ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ፣ ሰው አሳብ ገብቶት በጥፍሩ ጠረጴዛ እንደሚመታ ያለ ድምፅ ጀመረ። ልጅቷ የሟቿን ስልክ ከመሳቢያ አውጥታ ቻርጀር ላይ ሰካችው። ስክሪኑ ሲበራ ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩት። ሣጥኑ ብቻ ጥፍሩን ያንኳኳል።

እሑድ ፎቶው ሁሉ ገብቶ አለቀ። ሣጥኑ በዚህ አልበቃውም፤ ፊቶችን እየለቀመ በየክቡ ደረደረና ከያንዳንዱ ሥር «ይህ ማን ነው?» ብሎ ጻፈ። አባትና ልጅ ሣጥኑ የያዘውን የሚያዩበትን ታብሌት መሃላቸው አድርገው ስም መስጠት ያዙ። እሱ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ከሚስቱ ሥር «እሜቴ»፣ ከልጁ ሥር «ልጄ» ብሎ ጻፈ። ከክቦቹ አንዱ ውስጥ ግን ሰው አልነበረም። ለሥራው ያነሳው የበር ቁልፍ ነበር፤ ሁለት ብሎን ከላይ፣ ቀዳዳው ከታች። ሣጥኑ ዓይንና አፍ መስሎት አሥራ ሰባት ፎቶ ሰብስቦ ማንነቱን ይጠይቃል።

«በል ንገረው፣ አባባ! ማን ይባላል?» ልጅቷ እስክታለቅስ ሳቀች።

እሱም ሳቀ። ሰኞ ሱቁን ሲከፍት ግን ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የበር ቁልፎች ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩት አገኛቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ሲያዩት ኖረው ይሆን? ብሎ አሰበና ጀርባውን ሰጣቸው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ወደ ላይ ወጥቶ ታብሌቱን ከፈተ። እሑድ ከእሜቴ ሥር የተጻፈው ቁጥር ስድስት መቶ አሥራ አንድ ነበር፤ እሱ ቁጥር አይስትም። አሁን ስድስት መቶ አሥራ አራት ይላል።

ነካው። አዲሶቹ ሦስቱ ከላይ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው «ትናንት» ይላል።

ሚስቱ ናት። ወፍራም ጠርዝ ያለው መነጽር አድርጋ፣ ከንፈሯን ገጥማ፣ ፊት ለፊት ታየዋለች። ከጀርባዋ ነጭ ብርሃንና ረጅም መደርደሪያ አለ፤ በመደርደሪያው ላይ ባለቤት የሌላቸው መነጽሮች በረድፍ ተቀምጠዋል። መደርደሪያውን ያውቀዋል፤ ልጁ የምትሠራበት ነው። ፊቱንም ያውቀዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ግን ሊሆኑ አይችሉም፤ ሚስቱ እዚያ ሱቅ ረግጣ አታውቅም፤ ልጅቷ እዚያ የተቀጠረችው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ልጄ ናት፣ አለው አእምሮው። ሣጥኑ ተሳስቶ ነው። ይህን እያወቀ የክንዱ ፀጉር እንደቆመ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋ ጀመር። ወደ ላይ ወጥቶ ከሣጥኑ ፊት ለፊት ባለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፀሐይ ከመስኮቱ ሳትወርድ ልጅቷ ትገባለች፤ የእናቷን ግራጫ ካፖርት አውልቃ ትሰቅላለች፤ እጇን ልትታጠብ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ሣጥኑ ጥፍሩን ማንኳኳት ይጀምራል። ስድስት መቶ አሥራ ዘጠኝ። ስድስት መቶ ሃያ። የሞተችው ሚስቱ በየቀኑ ትበዛለች። የሚጠብቀው በደረጃው ላይ የሚመጣውን እግር ይሁን የሣጥኑን ጥፍር፣ ቢጠይቁት ለይቶ አይነግርም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ልጅቷ ወጥ ቤት ሳለች ታብሌቱ ብልጭ አለ። ሁለት ክብ ጎን ለጎን አወጣ፤ በአንዱ ሚስቱ በወጣትነቷ፣ በሌላው ልጁ ክብ መነጽር አድርጋ። ከላይ እንዲህ ይላል፦ «እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?» ከታች «አዎ»፣ አጠገቡ «አይደሉም»።

ቁልፍ ቀራጩ ታብሌቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። አገጭ ከአገጭ፣ ገጠመ። የጆሮው ኩርባ፣ ገጠመ። ከአፍንጫ እስከ ከንፈር ያለውን በአውራ ጣቱ ለካ፤ በፀጉር ውፍረት እንኳ የሚወጣ ነገር አጣ። እጁ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደውን ሠራ።

«አንድ ናቸው» አለ፣ ለራሱ። አዎ የሚለውን ነካው።

ሁለቱ ክቦች ተጠጋጉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ተነባበረና አንድ ብቻ ቀረ። እሜቴ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሦስት። «ልጄ» የሚለው የነበረበት ቦታ ባዶ ሆነ፤ የበሩ ቁልፍ ፊት ተጠግቶ ገባበት።

ወደ ታች እየገፋ አየ። የደብተር ቦርሳ ያዘለች ሕፃን፣ እሜቴ። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ እሜቴ። ሚስቱ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ አራስ ልጇን ታቅፋለች፤ በእናቲቱ ፊት ላይ እሜቴ ተጽፏል፣ በአራሷም ፊት ላይ እሜቴ ተጽፏል። ሚስቱ ሚስቱን ወልዳ ታቅፋለች። ታብሌቱን በግንባሩ ደፋው።

ሐሙስ ከሥራ እንደገባች ልጅቷ ካፖርቱን ሳታወልቅ ስልኳን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አባባ፣ እኔ የት ሄድኩ?»

«እ?»

«ለወርክሾፑ የምልከው ጉርድ ፎቶ እየፈለግሁ ነው። ልጄ ብዬ ስጽፍ እንዲህ ያለ ሰው የለም ይለኛል።»

ማሽኑ ነው ማለት ይችል ነበር። አላለም።

«እኔ ነኝ። ጠየቀኝ፣ አንድ ናቸው አልኩት።»

«ማንና ማን?»

ዓይኑ ከላይዋ ባለው ካፖርት ላይ አረፈ። እሷም ሌላ መልስ አላስፈለጋትም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አስተያይተህ ነው?»

«አስተያይቼ። ገጠመልኝ።»

«እኔ ቁልፍ ነኝ እንዴ፣ አባባ?» ልትስቅ ጀምራ ተወችው። «ሁለት ዓመት እሜቴ ስትለኝ አቤት አልኩ። ኀዘን ነው፣ ይለፍለት ብዬ። አቤት ማለት አልነበረብኝም። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ውስጥ አንድ ወፍራም ፍሬም አድርጌ መስታወቱን ቀና ብዬ ሳይ ‹ደህና ዋልሽ፣ እማዬ› አልኩ። ድምፅ አውጥቼ! ደንበኛዋ አጠገቤ ቆማለች። ማንን እንደማናግር ኋላዋን ዞራ አየች።»

ቁልፍ ቀራጩ ቀና ብሎ አያት።

«መልስ ሰጠችሽ ወይ ብለህ እንዳትጠይቀኝ» አለች ልጅቷ። ካፖርቱን ከላይዋ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ እጅጌው ተንሸራቶ ተንጠለጠለ። «ይሄን የምለብሰው ስለሚበርደኝ ነበር። አሁን አሁን እዚህ ከቆየሁ እሷ እኔን የምትለብሰኝ ይመስለኛል። ቅዳሜ መልስ እሰጣለሁ። ሂጂ በለኝ፣ ወይ አትሂጂ በለኝ። ዝም ግን አትበለኝ።»

ዝም አለ። ልጅቷ ትንሽ ጠበቀችው፤ ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በሩን ብትወረውረው ይሻለው ነበር።

ዓርብ ማለዳ ሽቦን ጠራው። ሽቦ ታብሌቱን አገላብጦ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ያደረግኸውን በአንዴ የሚፈታ ነገር የለውም። እየለቀምክ ‹ይህች እሷ አይደለችም› ልትለው ነው።»

«ይሁን።»

«ሁለት ሺህ ምናምን ነው እኮ! ልጅቷ በእረፍቷ ታድርገው፣ እጇ ፈጣን ነው።»

«ያጠፋችው እሷ አይደለችም።»

ሽቦ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ፊቱን ሲያይ ተወው። በሱቁ መዝጊያ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው» የሚል ወረቀት የለጠፈው እሱ ነው። ያ ሱቅ በሥራ ቀን ተዘግቶ የሚያውቀው በቀብሩ ዕለት ብቻ ነበር።

ሕፃንነቷ ቀላል ሆነለት፤ እጅብ እጅብ እያደረገ አወጣው። ከባዱ ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ወዲህ ያለው ነው። መጀመሪያ እንደልማዱ አገጭና ጆሮ ይለካ ነበር፤ ሁሉም ይገጥማል። ሃያ ያህሉን ተሳስቶ መልሶ አየ። ከዚያ መለካቱን ትቶ ዝም ብሎ ያያቸው ጀመር። ሚስቱ ሲያነሷት አንሺውን ታያለች፤ ልጁ ከአንሺው ትከሻ በላይ የሆነ ነገር ታያለች። ሚስቱ አንዲት ጥርሷ ስለምታሳፍራት ከንፈሯን ትገጥማለች፤ ልጁ አፏ ተከፍቶ ነው የምትስቀው፣ ከንፈሯን የምትገጥመው መነጽር ስታሳይ ብቻ ነው። በልጁ ግራ ቅንድብ ላይ ሩዝ የምታህል ጠባሳ አለች። ስድስት ዓመቷ ሳለ ከማሽኑ የተፈናጠረ የነሐስ ፍንጣሪ ያገኛት ነው። ራሱ ታቅፏት እየሮጠ ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ይህን መቼ እንደረሳው አያውቅም።

ሣጥኑ ግን በዋዛ አይለቅም። አንዷን ሲያወጣ ሌላ ያቀርብለታል፦ «ይህች እሜቴ ናት?»

«አይደለችም» ይላል ቁልፍ ቀራጩ፣ ድምፅ አውጥቶ።

ማራገቢያው ይተነፍሳል። «ይህች እሜቴ ናት?»

«አይደለችም።»

እኩለ ቀን አለፈ። ስንት ጊዜ እንዳለው አልቆጠረም። በያንዳንዱ አይደለችም ግን ከዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው አንድ እርምጃ ወደ በሩ እንደሚሸሽ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ቀና ብሎ ለማየት ፈራ። ካፖርቱ ከትናንት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከጎኑ ላይ የተንጠለጠለውን እጅጌ ሳያየው በክርኑ ነካውና ወንበሩን ራቅ አደረገ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ፎቶ ቀረች። አንዲት ሴት ናት፣ ጀርባዋን የሰጠች። የገዛ ቤታቸው ደረጃ ነው፤ ግራጫውን ካፖርት ለብሳ፣ ግራ እጇን የደረጃው መደገፊያ ዘንግ ላይ አድርጋ ልትወርድ ነው። ቀን የላትም፤ ከማን ስልክ እንደመጣችም አትናገርም። ፊቷ የአንዲት ጣት ያህል እንኳ ሳይታይ ሣጥኑ እንዴት እሜቴ እንዳላት አልገባውም። አይደለችም ሊል አፉን ከፍቶ ቃሉ እምቢ አለው። ናት ሊልም አልቻለም።

ልጅቷ ስትገባ እዚያው ላይ ፈጦ አገኘችው። አጠገቡ ቆመች።

«ይቺ አንቺ ነሽ?»

ጎንበስ ብላ ብዙ አየች።

«ማን አነሳኝ? ... አይመስለኝም። እማዬ ትሆናለች።»

«እናትሽ ዘንግ በግራ እጇ አትይዝም።»

«እኔም አልይዝም፣ አባባ።»

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ደረጃው በር ዞር አሉ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ልጅቷ ስትገባ አልዘጋችው ይሆናል። ሄዳ ዘጋችውና ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

«ምን ልታደርጋት ነው?»

«ስም አልሰጣትም። ዝም ብላ ትቀመጥ» አለ ቁልፍ ቀራጩ። ታብሌቱን ወደሷ አዞረ። «ነይ፣ ያንቺን ለይቼልሻለሁ።»

«ልጄ» የሚለው ክብ ተመልሶ ነበር። ከዚያ ውስጥ አንዲት ፎቶ አውጥቶ አሳያት። መነጽር የለም፣ ካፖርት የለም። ነጭ ግድግዳ፣ አፏን ከፍታ ስትስቅ፣ ቅንድቧ ላይ ሩዝ የምታህለው ጠባሳ።

«ጉርድ ፎቶ ላይ አይሳቅም እኮ» አለች ልጅቷ።

«ይሳቅ። ይቺን ላኪላቸው። ነገ ሳይሆን አሁን ላኪላቸው።»

«ልሂድ ማለት ነው?»

«ሂጂ፣ ልጄ።»

ስሟን የጠራት ያህል ተሰማት። ቆማ ላከችው። ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው ሄደላት።

በወሩ መጨረሻ ሻንጣዋን ሽቦ ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ አሳፈሯት። ካፖርቱን አልወሰደችም፤ በደመወዟ ሌላ እገዛለሁ አለች። አሁን ፎቶዋ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ከሥራ ወጥታ ዋይፋይ ስታገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ሣጥኑ ማንኳኳት በሚጀምርበት ሰዓት ቁልፍ ቀራጩ ሱቁን ለቆ ወደ ላይ ይወጣል። የማያውቀው መንገድ፣ የማያውቃቸው የሥራ ጓደኞች፣ ልጁ በቢጫ የሥራ ልብስ። አብዛኛውን ሣጥኑ ራሱ «ልጄ» ከሚለው ውስጥ ያስገባዋል። አልፎ አልፎ ግን፣ በተለይ ልጅቷ ደክሟት ከንፈሯን ገጥማ የተነሳች ቀን፣ ይጠይቀዋል፦ «ይህች እሜቴ ናት?»

ቁልፍ ቀራጩ አንድ ዓይኑን አይጨፍንም። በሁለቱም ያያታል።

«አይደለችም» ይላል፣ ወደ ባዶው ክፍል።

ክፍሉም እንደሰማ ሰው ዝም ይላል።